ጠላትህን ማን መረጠልህ?

ባልንጀራችን ማን እንደሆነ መጠየቅ የቆየ ነገር ነው። በወንጌል አንድ ሕግ አዋቂ ጠይቆት በደጉ ሳምራዊ ታሪክ ተመልሶለታል፤ ሰባኪውም፣ መምህሩም፣ ሽማግሌውም ይህንኑ እየደጋገመ አስተምሮናል። የዚህ ጥያቄ መንትያ ግን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። ጠላታችንስ ማን ነው? ይህን የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ እንኳ የዋህ ወይም ፈሪ ተብሎ ይታለፋል። ጠላት የሚጠየቅ ነገር አይመስለንማ! አንበጣ ከበረሃ እንደሚነሣ፣ በረዶ ከሰማይ እንደሚወርድ ሁሉ ጠላትም በራሱ ጊዜ የሚመጣ መዓት ይመስለናል። «መጣብን» እንላለን እንጂ «መረጥነው» ብለን አናውቅም።

ለመሆኑ ጠላት ሁልጊዜ የሚመጣ ነው ወይስ አንዳንዴም የሚመረጥ? የሚመረጥ ከሆነስ መራጩ ማን ነው? በምርጫው ለጠፋው ሕይወትስ ተጠያቂው ማን ይሆናል? ጥያቄው አየር ላይ እንዳይንጠለጠል አንድ ጦርነት ይዤ ልነሣ፤ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የተደረገውን።

አብዛኞቻችን ስለዚህ ጦርነት የምናውቀው ሁለት መስመር ነው። ደርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ፤ አፄ ዮሐንስም ለሃይማኖታቸውና ለአገራቸው ሲዋጉ መተማ ላይ ወደቁ። ከዚያ ገጹ ይገለጥና አፄ ምኒልክ ይነግሣሉ። ሁለቱም መስመሮች ሐሰት አይደሉም። ይሁንና ከመካከላቸው የወደቀው ታሪክ ከሁለቱም ይበልጥ ያስተምራል ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ደጋውን እየተሰናበተ፣ ካፖርቱን እያወለቀ ገንዳ ውኃ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው፤ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ማሽላ፣ የዕጣን ዛፍ። መንገዱ የሚያልቀው መተማ ዮሐንስ ላይ ነው። ከተማዪቱ የወደቁባትን ንጉሥ ስም ተሸክማ ትኖራለች። ከትንሹ ወንዝ ማዶ ያለችው የሱዳኗ ገላባት ናት። በዱሮ ጊዜ ሁለቱ አንድ ገበያ ነበሩ። የደጋው ቡና፣ ሰምና ቆዳ ወደዚያ ይወርዳል፤ የሱዳን ጥጥና ጨርቅ ወደዚህ ይወጣል። ባሪያም ይሸጥበት ነበር፤ ይህንን መደበቅ አይገባም።

ገበያውን ያስተዳድሩ የነበሩት ተክሩሮች ይባላሉ። አባቶቻቸው ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው ምዕራብ ወደ መካ ሲመላለሱ በመንገድ የቀሩ ሰዎች ናቸው። የተክሩሮቹ ሼሆች ለሁለት ጌታ ግብር ይከፍሉ ነበር፤ ለግብፅም ለኢትዮጵያም። ዛሬ ብንሆን ይህን «ሁለት ቢላዋ መብላት» ብለን እንነቅፈው ይሆናል። እኔ ግን ነገሩን ባሰብኩ ቁጥር የቆላው ሰው ጥበብ ይታየኛል። በሁለት ዝሆኖች መካከል የበቀለ ሣር ለሁለቱም እየጎነበሰ ካልሆነ እንዴት ይኖራል? በመተማ ሰው ዓይን ደገኛውም ሱዳኑም ገበያተኛ ነበር። ጠላትነቱ የመጣው ከሩቅ ነው።

ከየት መጣ ቢሉ፣ ከካይሮና ከለንደን ነው። ግብፅ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ሁለት ጊዜ በአፄ ዮሐንስ ጦር ተደመሰሰች፤ ቢሆንም ምፅዋንና ቦጎስን አልለቀቀችም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሱዳን ሙሐመድ አሕመድ የተባለ ሰው መሕዲ ነኝ ብሎ ተነሣና በግብፅ ግዛት ላይ አመፀ። ተከታዮቹ ራሳቸውን አንሷር ይሉ ነበር፤ እኛ ደርቡሽ አልናቸው። ያን ጊዜ እንግሊዝ ግብፅን ይዛለች። በየምሽጉ የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች በምን መንገድ ታውጣቸው? መንገዱ ኢትዮጵያ ነበረች። አድሚራል ሂዌት ዐድዋ ድረስ መጣና ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ውል ተፈረመ። በውሉ መሠረት ቦጎስ ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤ በምፅዋ በኩል ዕቃ ያለ ቀረጥ ያልፋል፤ በምላሹ አፄ ዮሐንስ የግብፅን ወታደሮች ከከሰላና ከሌሎች ምሽጎች በአገራቸው አሳልፈው ወደ ባሕር ያደርሳሉ።

እዚህ ላይ ንጉሡን ለመውቀስ አልቸኩልም። ቦጎስ የአገራቸው መሬት ነው፤ የባሕር በር ማግኘትም የማንኛውም ንጉሥ ምኞት ነው። የተከበበ ወታደርን ከሞት ማውጣትም፣ ትናንት የወጋህ ቢሆን እንኳ፣ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ሆኖም በውሉ ላይ ያልተጻፈ አንድ ዋጋ ነበረ። ኢትዮጵያ የግብፅን ምሽጎች ስታስለቅቅ የግብፅን ጠላት አብራ ወረሰች። መሕዲዎች እስከዚያ ቀን ድረስ ከኢትዮጵያ ጋር የቆየ ደም አልነበራቸውም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ኢትዮጵያ በእነሱ ዓይን የጠላታቸው አጋር ሆነች።

የውሉ ቀለም ሳይደርቅ፣ ገና በስምንተኛው ወር፣ በጥር 1877 ዓ.ም. ጣልያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምፅዋን ያዘች። የባሕሩ በር ለኢትዮጵያ ተከፈተ ሲባል ሌላ ባለቤት ገባበት። አፄ ዮሐንስ ግን ቃላቸውን ጠበቁ። ራስ አሉላ ከሰላን ለማዳን ዘመቱ፤ ከተማዋ አስቀድማ ወድቃ ስለነበር በመስከረም 1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ ከዑስማን ዲግና ጦር ጋር ገጠሙና ድል አደረጉ። ድሉ የእኛ ነበር፤ ጦርነቱ ግን የማን ነበር?

ከዚያ በኋላ እሳቱ በራሱ ይነድ ጀመር። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ወርደው የመሕዲዎቹን አዛዥ ገደሉ፤ ገበያዪቱንም አቃጠሉ። በዚያው ወር ራስ አሉላ በሌላው የአገሪቱ ጫፍ ዶጋሊ ላይ የጣልያንን ጦር ደመሰሱ። እንግዲህ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ግንባር ማለት ነው። ዓመት ዞሮ በጥር 1880 ዓ.ም. አቡ አንጃ ብድሩን ሊመልስ ወጣ። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ደምቢያ ውስጥ ሣር ውኃ ላይ አሸነፈ፤ ከቤተሰባቸውም ማረከ። ቀጥሎ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ገደለ፤ ሕፃናትና ሴቶችን እየነዳ ወረደ። የጎንደርን መቃጠል የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አለቀሰ። የመተማን መቃጠል ግን ማን አለቀሰለት? የነጋዴ ጎጆ ነውና ታሪክ አልጻፈለትም።

አሁን የዚህ ሁሉ ነገር እምብርት ወደሆነው እመጣለሁ። በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ላኩ። የደብዳቤው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ እኔ አገርህ ገብቼ ድሆችን ብፈጅ፣ አንተም አገሬ ገብተህ ድሆችን ብትፈጅ ማን ይጠቀማል? የሁለታችንም ጠላት ፈረንጅ ነው፤ እኔን ካሸነፈኝ አንተን አይምርህም፤ ስለዚህ ታርቀን በአንድነት እንቁም፤ ነጋዴውም እንደ ዱሮው ይመላለስ። ከጦርነቱ ሦስት ወር በፊት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነገሩን እንዲህ ጥርት አድርገው አይተውት ነበር። ዛሬ እኛ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ መጽሐፍ አገላብጠን የደረስንበትን እሳቸው ድንኳናቸው ውስጥ ሆነው ደርሰውበታል።

መልሱ ምን ሆነ? መጀመሪያ እስልምናን ተቀበል የሚል ነበር፤ ስድብም ነበረበት። የዕርቁን ቃል የድካም ምልክት አድርጎ ተረጎመው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? «የእምቢ ባዩ ነው» ብሎ መዝጋት ይቀላል። እኔ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። እውነት የሆነ የሰላም ቃል ለምን አልታመነም? ቃል ብቻውን አይጓዝምና ነው። ከኋላው የተናጋሪው ሥራ ይከተለዋል። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም ሹማምንት እንዲጠመቁ ወይም ሹመታቸውን እንዲለቁ አዘው ነበር። አንዳንዱ ተጠመቀ፤ አንዳንዱ ሸፈተ፤ አንዳንዱም ወደ ሱዳን ጠረፍ ተሰደደ። ስደተኛው ያየውን ለጎረቤት ይናገራል። እንግዲህ በአገሩ ያለውን ሙስሊም በግድ የሚያጠምቅ ንጉሥ ለጎረቤቱ ሙስሊም «ወንድሜ ሆይ እንታረቅ» ሲል ማን ያምነዋል? የገዛ ቤቱን ሰው ባዕድ ያደረገ፣ ባዕዱን ወዳጅ ለማድረግ ይቸገራል።

በማዶም ያው ነው። በሙስሊሞች ዘንድ ሐበሻ እስካልነካችሁ ድረስ አትንኩት የሚል የነቢዩ ቃል ከጥንት ጀምሮ ሲነገር ኖሯል፤ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በነጃሺ አገር ያገኙት መጠጊያ ስላልተረሳ ነው። የኸሊፋ አብዱላሂ ሰዎች ይህን አያውቁም አይባልም። አውቀው ለዚህ ዘመን አይሠራም አሉ። ሁለቱም ወገን በገዛ ሃይማኖቱ ውስጥ ጎረቤትህን ተው የሚል ድምፅ ነበረው፤ ሁለቱም ያንን ድምፅ ዝም አሰኝቶ ሌላውን ድምፅ ከፍ አደረገ። ጠላት ይመረጣል የምለው ይህንን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ገንዳ ውኃ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሻይ እየጠጣን ይህንን ሐሳብ አጫወትኳቸው። ዕድሜያቸውን በሰሊጥ ንግድ ያሳለፉ፣ አረብኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚናገሩ ሰው ናቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፦

«ልጄ፣ ቤትህ ተቃጥሎ ያውቃል?» አሉኝ።

«አያውቅም አባቴ።»

«እንግዲያ ጎንደር ስትቃጠል ንጉሡ ምን ያድርግ ነበር? ደብዳቤ ጽፎ እምቢ ሲሉት ይቀመጥ? ንጉሥ የሚባለው ለምን ይሆን?»

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ እስከ ዛሬም ይከተለኛል። ሕዝቡ የታረደበት፣ ቤተ ክርስቲያኑ የነደደበት ንጉሥ «ጠላቴን ልምረጥ» ብሎ ለመቀመጥ መብት አለው? ሰማዕት ለመሆን የሚፈቀደው በገዛ ነፍስ ነው እንጂ በሌላው ነፍስ አይደለም። አንድ መነኩሴ ሁለተኛውን ጉንጭ ሊሰጥ ይችላል፤ ንጉሥ ግን የሕዝቡን ጉንጭ አሳልፎ የመስጠት ሥልጣን የለውም። ሽማግሌው ትክክል ናቸው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ብዙ ምርጫ አልነበራቸውም።

ይሁን እንጂ ምርጫው ያለቀው መቼ ነው ብለን ብንጠይቅ ሌላ መልስ እናገኛለን። በመጨረሻዋ ሰዓት አማራጭ ያጣ ሰው፣ ቀደም ባሉት ሰዓቶች አማራጭ ነበረው። ውሉ ሲፈረም ነበረ። ወሎ ላይ አዋጁ ሲነገር ነበረ። የመተማ ገበያ ሲለኮስም ነበረ። ማዶ ያሉትም ጎንደርን ከማቃጠላቸው በፊት ነበራቸው፤ ደብዳቤው በእጃቸው ሲገባም ነበራቸው። ጠላትነት በአንድ ቀን የሚወሰን ነገር አይደለም። እንደ ድንጋይ ካብ ነው፤ አንዱ አንድ ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ሌላው ሌላ ይጨምራል፤ በኋላ ሁሉም በካቡ ፊት ቆሞ «መንገድ የለም» ይላል። መንገዱ እንደሌለ እውነት ነው። ካቡን ማን ካበው የሚለው ግን አይቀርም።

ጦርነቱን አጠር አድርጌ ልንገር። በመጋቢት 1880 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ሰአቲ ላይ ከጣልያን ጦር ጋር ፊት ለፊት ተፋጠው ሳይዋጉ ተመልሰው ነበር። ጣልያን ከምሽጉ አልወጣም፤ ከኋላ ደግሞ ደርቡሽ ነበረ፤ ምኒልክና ተክለ ሃይማኖትም እየተላላኩ ነው የሚለው ጥርጣሬ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ መጀመሪያ ጎጃም ላይ ክንዳቸውን አሳረፉ፤ አገሩም ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ ወደ መተማ ወረዱ። አቡ አንጃ በጥር ሞቶ ዘኪ ጠማል ተተክቷል። ዘኪ ከተማዋን በእሾህ አጥር፣ እነሱ ዘሪባ በሚሉት፣ ከቦ ጠበቃቸው። የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን በአንድ በኩል ጥሶ ገባ፤ ድሉ በእጁ ነበር። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ያሸነፈው ጦር ወደ ኋላ ተመለሰ። በማግሥቱ አረፉ፤ ከመሞታቸው በፊት መንገሻ ልጄና ወራሼ ነው ብለው ነበር። አስከሬናቸውን ይዞ የሚሸሸውን ወገን ደርቡሾች አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱበት። አጎታቸው ራስ አርአያ ከአስከሬኑ አልለይም ብለው ሲከላከሉ ወደቁ። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቆርጦ ወደ ኡምዱርማን ተላከ።

እንዲህ ያለውን ሞት ማክበር ይገባል፤ እኔም አከብራለሁ። ወታደሩን ወደ እሳት ልኮ ራሱ ከጥላ ሥር የሚቀመጥ አለቃ በበዛበት ዓለም፣ ከፊት ተሰልፎ የሚወድቅ ንጉሥ ብርቅ ነው። ጀግንነት ግን «ለምን» የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። ማዶ ያለው አንሷርም ጀግና ነበር። ሁለቱ ጀግኖች ተፋጁ፤ ትርፉ የማን ሆነ?

ትርፉን ለማየት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። ሁለት ወር ሳይሞላ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። ክረምቱ ሳይወጣ ጣልያን ከረንንና አሥመራን ያዘች፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ኤርትራ የሚባል ቅኝ ግዛት አወጀች። ዶጋሊ ላይ በደም የተከለከለችውን ደጋ መተማ ላይ በፈሰሰው ደም አገኘችው። አገሩን ደግሞ ክፉ ቀን መትቶታል። ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ሰዉ በረሃብ እንደ ቅጠል ይረግፋል። ድል አደረግን ያሉት ሱዳኖችም በዚያው ዓመት ተራቡ፤ «ሰነት ሲታ»፣ ዓመተ ስድስት፣ እያሉ እስከ ዛሬ ያስታውሱታል። እኛ «ክፉ ቀን» ስንል እነሱ «ሰነት ሲታ» ይላሉ፤ ረሃቡ ግን ወንዝ አልለየም። ዘኪ ጠማልም ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ በገዛ ኸሊፋው እስር ቤት በረሃብ ተቀጥቶ ሞተ።

ከዐድዋ ድል በኋላ አፄ ምኒልክና ኸሊፋው መልእክተኛ ተለዋወጡ፤ ለመወዳጀትም ሞከሩ። ዮሐንስ የጻፉት ደብዳቤ ስምንት ዓመት ዘግይቶ መልስ አገኘ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. የኪችነር መትረየስ ኡምዱርማን አጠገብ ከረሪ ላይ አሥር ሺህ ያህል አንሷርን በአንድ ማለዳ አጨደ። እኔን ካሸነፈኝ አንተን አይምርህም የተባለው ደረሰ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. እንግሊዝ ከምኒልክ ጋር የድንበር ውል ተፈራረመች፤ በዓመቱ ሻለቃ ግዊን የሚባል እንግሊዛዊ የኢትዮጵያ ወኪል በሌለበት መሬቱን እየዞረ ምልክት ተከለ። የጥንቱ ገበያ ለሁለት ተከፈለ። የደከሙት ሁለት ተዋጊዎች ድንበራቸውን እንኳ ራሳቸው አላሰመሩም።

ያች ጠረፍ የሌላ ሰው ጦርነት ማስተናገዷን በዚህ አላበቃችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብሪጋዴር ስሊም የሚመራ የእንግሊዝ ጦር ገላባትን አጠቃ። ስሊም በኋላ በበርማ ዘመቻ ስሙ የገነነው ጄኔራል ነው። ብርጌዱ አሥረኛው የሕንድ ብርጌድ ይባል ነበር፤ ከማዶ ጣልያን ያሰለፈቻቸው የቅኝ ግዛት ሻለቆች ነበሩ። ጦሩ ገላባትን ያዘ፣ የጣልያን አውሮፕላን አናቱ ላይ ወረደበት፣ መልሶ ለቀቀ። ከወዲያ የሕንድ ገበሬ ልጅ፣ ከወዲህ አስካሪ፤ ሁለቱም ጠላቱን ራሱ አልመረጠም። ሮምና ለንደን መረጡላቸው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም። ሙታንን መውቀስ ቀላል ነው፤ መልስ አይሰጡማ። የሚያሳስበኝ የእኛው ዘመን ነው። በ2013 ዓ.ም. አልፋሽጋ በሚባለው መሬት ሰበብ የሁለቱ አገሮች ጠመንጃ እንደገና ተፋጠጠ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሱዳን እርስ በርሷ ተዋጋችና፣ ሱዳናዊው ልጁን ታቅፎ፣ ፍራሹን ተሸክሞ በገላባት በኩል መተማ ገባ። በሁለት ዓመት ልዩነት ያው ድልድይ «ጠላት» የሚመጣበትም እንግዳ የሚመጣበትም ሆነ። ድልድዩ አልተለወጠም፤ ሰዉም ያው ሰው ነው። የተለወጠው እኛ የሰጠነው ስም ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ለጥያቄዬ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ጠላት አንዳንዴ በእርግጥ ይመጣል፤ በመጣ ጊዜም መከላከል ግዴታ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ከመምጣቱ በፊት በውል፣ በአዋጅ፣ በተቃጠለ ገበያ፣ በተናቀ ጎረቤት አማካይነት ቀስ እያለ ይመረጣል። መራጩ ንጉሡ ብቻ አይደለም። ስሙን የሚያወጣለት፣ ወሬውን የሚያዛምተው፣ «እነዚያማ ሰው አይደሉም» ሲባል ሰምቶ ዝም የሚለው ሁሉ በምርጫው ድምፅ ሰጥቷል። የዕርቅ ቃልም ስንቅ ያስፈልገዋል፤ በችግር ቀን ተጽፎ እንዲታመን በደኅናው ቀን ሥራ መሠራት አለበት።

አፄ ዮሐንስ እውነቱን አይተው ጻፉት፤ ሊያድናቸው ግን አልቻለም። እሳቸው ሦስት ወር ነበራቸው። እኛ ስንት ጊዜ እንዳለን አናውቅም። ስለዚህ ነገ አንድ ሰው ጣቱን ወደ ማዶ፣ ወይም ወደዚህኛው ሰፈር፣ ቀስሮ «ጠላትህ ያ ነው» ሲለን፣ ከመነሣታችን በፊት «አንተስ ማን ነህ? ይህን ጠላት የመረጥህልኝ ለማን ብለህ ነው?» ብለን ብንጠይቅ ምን ይለናል?